መጠየቅን መቼ እንልመድ?

የመጀመሪያ የምርምር ሥራችሁን መቼ ሠራችሁ? እኔ ዘንድሮ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። «ሬዲዮ በኅብረተሰቡ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ይዤ ብሄድ መምህሬ ፈገግ ብለው «የቱ ሬዲዮ? የቱ ኅብረተሰብ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠየቅሁትን መመለስ እንጂ መጠየቅን አልተለማመድኩም።

በሌላ አገር እንዴት ይሆን ብዬ ሳነብ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። በእንግሊዝ «ሲክስዝ ፎርም» የሚባሉት ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው። እዚያ ያለ ተማሪ ከኤ ሌቭል ትምህርቱ ጎን ለጎን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአገር ደረጃ የተጀመረውን «ኤክስቴንድድ ፕሮጀክት» መሥራት ይችላል። ግዴታ አይደለም። ርዕሱን የሚመርጠው ራሱ ነው። ከተመደበው 120 ሰዓት አብዛኛውን ብቻውን ይሠራበታል፤ አማካሪ መምህር ይከታተለዋል። በመጨረሻ 5000 ቃል ገደማ ጽሑፍ ያስረክባል፤ ወይም ፊልም፣ ልብስ፣ ሞዴል ሠርቶ አጠር ካለ ሪፖርት ጋር ያቀርባል። ዋጋው የአንድ ኤ ሌቭል ግማሽ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የሥራ መዝገቡ ነው። ተማሪው ምን እንዳቀደ፣ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ እየጻፈ ይሄዳል፤ መዝገቡም አብሮ ይታረማል። ስለዚህ ርዕስ ማጥበብ ውድቀት አይደለም፣ የሥራው አካል ነው። በኋላም ሰው ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ ይጠየቃል። ገልብጦ የመጣ እዚህ ጋ ይቸገራል።

እኛ ዘንድስ? መመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ የሚያሠራ ተማሪ መኖሩን ሁላችንም እንሰማለን። ስንፍና ብቻ አይመስለኝም፤ ያልለመድነውን በመጨረሻው ዓመት በድንገት ስለምንጠየቅም ጭምር ነው። መጻሕፍትና ኢንተርኔት እንደልብ በሌለበት ትምህርት ቤት የእንግሊዙን እንዳለ እንቅዳ አልልም። መዝገቡ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እኔም ሞከርኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ርዕሴ «በሰፈራችን ያሉ ሦስት ሻይ ቤቶች ጠዋት ሬዲዮ የሚከፍቱት ለምንድን ነው?» ሆነ። ለዜና ነው ብዬ ገምቼ ነበር። አንዷ ባለቤት ግን «ሰዓት ለማወቅ ነው ልጄ፣ እጄ ሊጥ ነው» አሉኝ። ግምቴ መሳሳቱንም መዘገብኩ። ተጽዕኖ፣ ተጽዕኖ ስል ብከርም ይህችን አላገኛትም ነበር።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? እንግዲያው ልምምዱ ከ11ኛ ክፍል ቢጀመር ምን ይለናል? ታናናሾቻችን አንድ ደብተር፣ አንድ ትንሽ ጥያቄ ይዘው ይምጡ።