መናገሻ ሳትሆን የቀረች ከተማ፦ አዲስ ዓለምን ለሚጎበኙ

ወደ አምቦ ወይም ወደ ወንጪ የሚጓዝ ሰው አዲስ ዓለምን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ሆለታን ካለፈ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቆች፣ ሥጋ ቤቶች፣ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ባጃጆች ያያል፤ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ መልሶ ይነዳል፤ በቃ። ግማሽ ቀን ያለው ሰው ግን እዚህ ቢወርድ አይቆጭም። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ለቀው መናገሻቸውን ሊያዛውሩ ያሰቡት ወደዚህች ከተማ ነበር።

ርቀቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግል መኪና ከሌለዎት አስኮ መናኸሪያ ሄደው የአምቦ ወይም የጊንጪ መኪና ይያዙ፤ አዲስ ዓለም ወራጅ መሆንዎን ለረዳቱ አስቀድመው ይንገሩ። ታፔላ ላይ «እጀሬ» የሚል ካዩ ግራ አይጋቡ፣ ያው እሷው ናት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢነሱ ጥሩ ነው፤ ረፈድ ካለ የከተማው መውጫ ይጨናነቃል። ወደ ምዕራብ ሸዋ ከመውጣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ወይም ከሹፌሮች መጠየቅም አይርሱ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ብዙ አልቆየም። ቤት የሚሠራው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ጠላና ጠጅ የሚጥለው ሁሉ እንጨት ይፈልጋል፤ ከአድዋ ድል በኋላ ደግሞ የከተማው ሕዝብ በዛ። እንጨት ለቃሚው ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። በዚያ ዘመን መፍትሔው የታወቀ ነበር፤ ደን ወዳለበት መነሳት። ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ጀምረው፣ በልቼና በእንጦጦ አልፈው ነው ፍልውሃ አጠገብ የሰፈሩት። በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ሲጀምሩም ያደረጉት የቀደሙት ነገሥታት ያደርጉት የነበረውን ነው።

ይህ ግን ሳይሆን ቀረ። ለምን ቢሉ፣ አብዛኛው ሰው የሚነግርዎት ስለ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አዲስ አበባ ደኗን ፍለጋ መሄዷ ቀርቶ ደኑ ግቢዋ ድረስ መጣላት። አስጎብኚዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፣ እውነትነትም አለው። እኔ ግን የድንጋይ ቤቱን ነገር አብልጬ አያለሁ። መኳንንቱም የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም ርስት ይዘው፣ ገንዘብ አፍስሰው፣ አጥር አጥረው ነበር። ድንኳን በአንድ ሌሊት ይነቀላል፤ ግንብ የሠራ ሰው ግን ተነሣ ሲሉት ምክንያት አያጣም። የባቡሩ ሐዲድም ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ እየተሳበ ነበር።

ከዚያ ሐሳብ የተረፉ ሁለት ነገሮች ዛሬም በዓይን ይታያሉ። አንደኛው የመጡበት መንገድ ነው። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት በምኒልክ ዘመን የተሠራው ይህ መስመር በአገሪቱ በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው፤ አስፋልቱ በኋላ የመጣ ነው። በመንገድዎ ላይ አጣና የጫነ የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲከንፍ ሳያዩ አይቀሩም። ማገዶ አላት ተብላ የተመረጠችው አገር ዛሬም ለዚያችው ከተማ እንጨት ታቀርባለች፤ ልዩነቱ እንጨቱ ባሕር ዛፍ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ኮረብታው ላይ ያለው ደብረ ጽዮን ማርያም ነው። መናገሻው እንደማይዛወር ሲቆረጥ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የሸዋን ክብ ቤተ ክርስቲያኖች የለመደ ዓይን ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል፤ ይህኛው ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ የአክሱም ጽዮንንም አርአያ የያዘ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳይቸኩሉ ይዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም ውስጥ ከነገሥታቱ ዘመን የቆዩ ንዋያተ ቅድሳትና አልባሳት አሉ። ከኮረብታው ላይ ሆነው ዙሪያውን ሲቃኙ ደግሞ ቦታው ለንጉሥ ለምን እንደተመረጠ ማንም ሳያስረዳዎት ይገባዎታል።

እዚህ ላይ ሰዓት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። በአዘቦት ቀን ረፋዱ ላይ መድረስ ጥሩ ነው። በዐቢይ ጾምና በሌሎቹ አጽዋማት ግን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱን ለጉብኝት ያድርጉት። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ሙዚየሙን የሚያስከፍት ሰው አያገኙም፤ ጥላ ፈልገው ይቀመጡ። ጫማ ይወልቃል፣ የወንዱና የሴቱ መግቢያ ይለያያል፣ ሴቶች ነጠላ ይዘው ቢመጡ ይመረጣል። ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ያገኟቸውን አባት ያስፈቅዱ፤ የመግቢያ ክፍያ ከተጠየቁ ደረሰኝ መቀበል ነውር የለውም።

ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ንግሥ ነው። ያን ዕለት ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምዕመን ኮረብታውን ይሞላዋል። ዝማሬውንና ሕዝቡን ለማየት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ሥዕሉን አስተውሎ ማየት ለሚፈልግ ግን በፍጹም አልመክርም፤ መጓጓዣውም ያን ቀን ፈተና ነው።

ከኮረብታው ወደ ከተማው ሲወርዱ ባጃጁን ይተዉትና በእግር ይሂዱ። በአካባቢው የሚነገረው በአብዛኛው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ያግባባዎታል፣ ግን «አካም ጅርቱ» ብለው ቢጀምሩ ፊት ይፈታል፣ ሲለያዩም «ገለቶማ» ይበሉ። የገበያውን ቀን አስቀድመው ጠይቀው ጉዞዎን ከዚያ ጋር ቢያገጥሙት ከተማዋ ሌላ ናት፤ እህሉ፣ ቅቤው፣ ከብቱ ከየገጠሩ ይወጣል። ምግብ ላይ ብዙ ምርጫ አይጠብቁ። ጥብስ ወይም በጾም ቀን በያይነቱ፣ ከአምቦ ውሃ ጋር፣ ይበቃል። ክረምት ከሆነ ከዋናው መንገድ ወጣ እንዳሉ ጭቃ ይቀበልዎታል፤ እኔ የምመርጠው ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ ነው፤ ጤፉ ማሳው ላይ ሲያሽትና ሲታጨድ ይደርሳሉ። ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጠዋትና ለማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

ጊዜ ከተረፈዎት ወደ አምቦ ከመቀጠል ይልቅ ወደ ኋላ ቢመለሱ ይሻላል። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን የከተሞቹ ማገዶ ያልጨረሰው ጽድ የቀረበት ነው፤ አፈ ታሪኩ ያስተከሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው ይላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታይበታል። ወደዚያ ግን ያለ መኪና መሄድ ያደክማል። ሆለታ ላይ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት አለ፤ የጦር ሰፈር ስለሆነ ካሜራዎን ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ከአምቦ የሚመጣውን መኪና መንገድ ዳር ቆመው አይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ከራሷ ከአዲስ ዓለም ወደ ሆለታ የሚጭን ሚኒባስ ይያዙና ሆለታ ላይ ይቀይሩ። ይህንንም ከ10 ሰዓት በፊት ቢያደርጉት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አስኮ ይደርሳሉ።