ሞተሩ ሳይለወጥ ፍጥነት ስለሚገኝበት ብልሃት

ከሩቅ በራዲዮ የሚነዳ ትንሽ አውቶሞቢል ለሚያየው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመረምረው ሰው ስለ ኀይልና ስለ ፍጥነት፥ ስለ ሰበቃና ስለ ሙቀት የሚነገረው ትምህርት ሁሉ በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለልጆቻቸው ያስረዱት ዘንድ የነገሩ ሥር ከዚህ ቀጥሎ በአራት ክፍል ተገልጧል።

1ኛ፤ ስለ እኩል ሞተር ሕግ

በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው ኩባንያ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1976 ዓመት ፖርሽ 934 የተባለውን አውቶሞቢል ከእውነተኛው 12 ጊዜ አሳንሶ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄድና በራዲዮ የሚታዘዝ አድርጎ ለገበያ አወጣ። ከዚህም በኋላ ጨዋታው በብዙ አገር ተስፋፋ፤ ውድድሩም በረታ። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሰው ብርቱ ሞተር እየገዛ ሁልጊዜ የሚቀድም ከሆነ፥ የተፈተነው የከረጢት ክብደት እንጂ የሰው ብልሃት አይደለም። ስለዚህ በአሜሪካ በ1967 ዓመት የተመሠረተውና ሮር በሚባል አጭር ስም የሚታወቀው የተወዳዳሪዎች ማኅበር፥ ሁሉም አንድ ዐይነት ሞተር ይዞ የሚቀርብበት የውድድር ክፍል አለው። በዚህ ክፍል ለብዙ ጊዜ የተፈቀደው ሞተር በእያንዳንዱ የብረት ክንዱ ላይ የመዳብ ሽቦ 27 ጊዜ የተጠመጠመበት ነበረ፤ ኋላ ግን ካርቦን የሌለው፥ 17 ተኩል ጊዜ የተጠመጠመው ተተካ።

እንግዲህ የሁሉም ሞተር እኩል ከሆነ አንዱ ሌላውን የሚቀድመው በምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ አጭር ነው። የሚቀድመው ኀይል የጨመረ ሳይሆን የተሰጠውን ኀይል ያላባከነ ነው።

2ኛ፤ ስለ ጥርስ ቍጥር

ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ መካኒኮች ፒኞን የሚሉት ትንሽ ባለ ጥርስ መንኮራኵር አለ፤ እርሱ ትልቁን ባለ ጥርስ መንኮራኵር ያዞራል፥ ትልቁም ጎማውን ያዞራል። ነገሩ እንደ ቢስክሌት ጥርስና ሰንሰለት ነው።

ለምሳሌ ሞተሩ በአንድ ደቂቃ 16,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፒኞኑ 20 ጥርስ፥ ትልቁ 80 ጥርስ ቢኖራቸው ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል። ከትልቁ እስከ ጎማው ደግሞ ዙሩ በ2 የሚከፈል ቢሆን፥ ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞረው ሞተሩ 8 ጊዜ ሲዞር ነው። ስለዚህ ጎማው በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን አውቶሞቢሉ በደቂቃ 400 ሜትር፥ በሰዓት 24 ኪሎሜትር ይሄዳል። ፒኞኑን አንሥቶ ባለ 25 ጥርስ ቢያደርጉበት በሰዓት 30 ኪሎሜትር፥ ባለ 32 ጥርስ ቢያደርጉበት ደግሞ ከ38 ኪሎሜትር በላይ ይሆናል። ጎማውን በትልቅ ጎማ መለወጥም የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ነው።

ይህን ሒሳብ ያየ ተማሪ፥ እንግዲያስ ጥርሱን እያበዙ መሄድ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ወረቀት አየርን አይገፋም። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኀይል ፍጥነቱ በ2 ሲባዛ በ8 ይባዛል። ስለዚህ ከ24 ወደ 30 ኪሎሜትር ለመድረስ ለአየሩ ብቻ የሚወጣው ኀይል እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ወደ 38 ለመድረስ ደግሞ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሞተሩ ግን ያው የቀድሞው ሞተር ነው። ሸክሙ ሲከብደው ዙሩን ይቀንሳል፥ ከባትሪውም ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የሚስበው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚወለደው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። በሙቀትም ማግኔቱ ይደክማል፥ ካርቦኑና ካርቦኑ የሚነካው መዳብ ፈጥነው ይበላሉ። እንዲህ ሆኖ ፍጥነት ሊጨምር የተነሣው ሰው ፍጥነቱንም ሞተሩንም ያጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የዚህ ዐይነት ሞተር ከፍ ያለውን ኀይሉን የሚሰጠው ያለ ሸክም ከሚዞረው ዙር በግማሹ ግድም ሲዞር ነው። ሸክሙ ከዚያ በታች ካወረደው፥ የሚበዛው ሙቀቱ እንጂ ሥራው አይደለም። ስለዚህ ጥርስ የሚጨመረው አንድ በአንድ ነው።

3ኛ፤ ኀይል ስለሚባክንባቸው ቦታዎች

መጀመሪያ፥ ሰበቃ ነው። ዘንጎቹ በፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ የሚዞሩ ከሆነ በኩሺኔታ መለወጥ ይገባል። ጎማው በእጅ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ዞሮ በቀስታ ቢቆም መልካም ነው፤ ቶሎ ቢቆም ግን በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ፀጕር ወይም የገባ አሸዋ ይፈለግ። ሁለቱ ባለ ጥርስ መንኮራኵሮች እጅግ ተጣብቀው ቢገጠሙ ይታነቃሉ፤ እጅግ ቢራራቁ ደግሞ ጥርሳቸው ይሸረፋል። በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብቶ መግጠምና ኋላ ወረቀቱን ማውጣት ልኩን ይሰጣል።

ሁለተኛ፥ ሽቦ ነው። ከባትሪው እስከ ሞተሩ ያለው ሽቦ ቀጭንና ረዥም ቢሆን፥ ወይም መጋጠሚያው የዛገ ቢሆን ኤሌክትሪኩ በመንገድ ይቀራል። 7.2 ቮልት ካለው ባትሪ 0.4 ቮልት በመንገድ ቢቀር ከ18 እጅ አንዱ እጅ ጠፋ ማለት ነው፤ የሞተሩም ዙር በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ሽቦው ወፍራምና አጭር፥ ብየዳውም ንጹሕ ይሁን።

ሦስተኛ፥ ካርቦን ነው። በአዲስ ሞተር ካርቦኑ መዳቡን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ሞተሩን ያለ ሸክም በ3 ቮልት ያህል ለጥቂት ደቂቃ ቢያዞሩት ካርቦኑ የመዳቡን ቅርጽ ይይዛል። ለዘንጉ ጫፍና ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ ዘይቱ ግን ካርቦኑን እንዳይነካ ጥንቃቄ ያሻል።

አራተኛ፥ ክብደት ነው። ቀላል አውቶሞቢል ፈጥኖ ይነሣል፥ ፈጥኖም ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ይደርሳል። በሜዳ ላይ ከፍ ያለውን ፍጥነት የሚወስኑት ግን ይበልጡን አየርና ሰበቃ ናቸው። ስለዚህ የላይኛው አካሉ ዝቅ ያለና ለአየር የተመቸ ይሁን።

4ኛ፤ ስለ መለካትና ስለ እውነት

ያልተለካ ፍጥነት ወሬ ነው። በሜዳ ላይ 50 ሜትር ለክቶ በሁለቱ ጫፍ ምልክት ማቆም፥ አውቶሞቢሉንም ከምልክቱ ርቆ አስነሥቶ በሙሉ ፍጥነቱ ማስገባት፥ ጊዜውን በሰዓት መቍጠር ይገባል። ነፋስ እንዳያታልል በመሄድም በመመለስም ይለካ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም። ጊዜው እያጠረ ሲሄድ ጥርስ ይጨመር። ጊዜው ማጠሩን ሲተው፥ ወይም ሞተሩ እጅ የማያስጠጋ ሆኖ ሲግል አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

በእኩል ሞተር በሚደረግ ውድድር ሞተሩን በስውር ከፍቶ ሽቦውን የሚቀንስ ሰው ይገኛል፤ የሽቦው ዙር ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናልና። ይህ ግን ሌብነት ነው፤ የሚሰረቀውም የባልንጀራ ድካም ነው። ደግሞም ሽቦ የቀነሰ ልጅ ስለ ሰበቃም ሆነ ስለ ሙቀት የተማረው ምንም የለም። በተሰጠው መሣሪያ ረክቶ፥ የሚባክነውን እየፈለገ የሚሰበስብ ልጅ ግን ነገ ወፍጮም ቢሆን የውሃ መሳቢያም ቢሆን በእጁ ቢገባ ሥራውን ያውቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. በሰዓት 24 ኪሎሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል 50 ሜትሩን በስንት ሴኮንድ ይጨርሳል? በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄደውስ?
2. ትልቁ 80፥ ፒኞኑ 16 ጥርስ ቢኖራቸው፥ ዙሩም ከዚያ በኋላ በ2 ቢከፈል፥ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. ጥርስ ተጨምሮለት ሳለ ጊዜው የረዘመበት ልጅ ምን ማድረግ ይገባዋል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?