ወቅት፣ አፈርና ውኃ፦ በፎገራ ሜዳ ለጠጠር መንገድ ብስክሌት ጉዞ የመስመር አመራረጥ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ለጠጠር መንገድ ብስክሌት ጉዞ የሚሆኑ መስመሮች በምን መመዘኛ ሊመረጡ እንደሚገባ ይመረምራል። በተለመደው አሠራር የመስመር ክብደት የሚለካው በርቀትና በዳገት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን በፎገራ ሜዳ ወሳኙ መመዘኛ ወቅት ነው የሚል ነው፤ አንድ መስመር ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን የሚወስኑት የዋልካ አፈሩ ጠባይና ውኃው ከሜዳው የሚሸሽበት ቅደም ተከተል ናቸውና። በዚህም መሠረት ባለአራት ክፍል ወቅታዊ ምደባ ቀርቧል።

1. መግቢያ

በተለምዶ «ግራቭል» የሚባለው የብስክሌት ጉዞ አስፋልት ባልለበሱ የገጠር መንገዶች ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከ2000 ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዛሬው «አንባውንድ» ውድድር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበርም በ2022 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቬኔቶ የመጀመሪያውን የዘርፉን የዓለም ሻምፒዮና አካሂዷል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኬንያ ማሳይ ማራ ተመሳሳይ ውድድር ይደረጋል።

ከወረታ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በባሕር ዳር ብስክሌት የነዋሪው የዘወትር መጓጓዣ ነው። በአንጻሩ ወደ ገጠሩ የሚዘልቁት የፎገራ ጠጠር መንገዶች ከጉዞ አንጻር ብዙም አልተጤኑም። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የጉዞ ጂኦግራፊ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው በእነዚህ መንገዶች ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰውን ነዋሪ የሚመለከት የገጠር ተደራሽነት ጉዳይ ነው።

2. የአካባቢው አቀማመጥ

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,828 ሜትር ላይ የምትገኝ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አውራ ጎዳናና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን በቻይና ባለሙያዎች የተገነባው መንገድ የሚለያዩት በዚህች ከተማ ነው። በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይነሣል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና አካባቢ ፈልቀው፣ ደለላቸውን በሜዳው ላይ እያሰፈሩ ወደ ጣና ይገባሉ።

እነዚህን አኃዞች በተለመደው መለኪያ ብናያቸው ውጤቱ ግልጽ ይመስላል። ከወረታ እስከ ሐይቁ ያለው የከፍታ ልዩነት 40 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ግን በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ850 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አማካይ ዳገቱም ወደ 2 በመቶ ነው። አየሩ በወረታ ከፍታ በባሕር ጠለል ካለው ግፊት አራት አምስተኛ ያህሉን ብቻ ስለሚይዝ፣ የዳገቱ ድካም በእንግዳ ጋላቢ ላይ ይበረታል። በዚህ ስሌት ሜዳው «ቀላል»፣ ተራራው «ከባድ» ይባላል። በነሐሴ ወር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳገቱ ይወጣል፣ ሜዳው አይታለፍም።

3. የዋልካ አፈር ጠባይ

የሜዳው ሰፊ ክፍል በጥቁር ዋልካ፣ በሌላ አካባቢ አጠራር በመረሬ አፈር የተሸፈነ ነው። በዚህ ዓይነቱ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ጥልቅ ስንጥቆች ይፈጥራል። ለብስክሌት ይህ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን ያስከትላል። በእርጥብ ወቅት ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ካቴናውንና ፍሬኑንም ያንቃል። የዘርፉ ብስክሌቶች ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ መያዛቸው ለጠጠር እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ጭቃ መድኃኒት አይሆንም። በካንሳስ በ2023 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ውድድር በርካታ ጋላቢዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በሸክላ ጭቃ ተይዘው ብስክሌታቸውን በትከሻ ለመሸከም መገደዳቸው የሚታወስ ነው። በደረቁ ወቅት ደግሞ በጭቃው ጊዜ የታተመው የከብት ኮቴ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ጎማ የሚያስገቡ ስንጥቆችም ይከፈታሉ።

የጠጠር መንገዱ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያገለግሉ መንገዶች ጋር ለማገናኘት ተሞክሯል። በዋልካ ላይ እንዲህ ያለ መንገድ የሚጸናው በሙሌት ከፍ ሲል፣ በተመረጠ አፈርና ጠጠር ሲለብስና በቂ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ሲኖረው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መንገዱ ከታች ከሚያብጠውና ከሚኮማተረው አፈር ጋር አብሮ ይሰነጠቃል።

4. ውኃው ዘግይቶ ይሸሻል

ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ይሁን እንጂ የዝናቡ ማቆምና የመንገዱ መከፈት አንድ ቀን አይደሉም። የጣና ሐይቅ ከፍተኛ ደረጃውን የሚይዘው ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ዝቅ የሚለውም በክረምቱ መግቢያ ነው። በመሆኑም ሜዳው የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች፣ ከተራራው ግርጌ ወደ ሐይቁ ዳር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ብርቱ ጎርፍ ወንዞቹ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ አሳይቷል።

የአዝመራው ዑደትም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የተዋወቀው ሩዝ ቀድሞ በውኃ መተኛት ምክንያት ለሌላ ሰብል የማይመቸውን መሬት የምርት ምንጭ አድርጎታል። ማሳው ውኃ እንዲያቁር በድንበር የሚከበብ በመሆኑ በክረምት የእግር መንገዱ ወደ ጠባብ የማሳ ድንበር ይወርዳል። ከአጨዳው በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ በወንዞቹ ዳር ደግሞ በመስኖ ሽንኩርት ይለማል። ስለዚህ በበጋም ቢሆን የመስኖ ቦይ መንገድ ያቋርጣል።

5. የመስመሮች ወቅታዊ ምደባ

ከላይ በተገለጹት ምክንያቶች መስመሮቹን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የተራራው ግርጌ መስመር ነው። ከወረታ በስተምሥራቅ፣ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሚገኝበት አቅጣጫ ያለው ተዳፋት ውኃ ስለማያቁር ቀድሞ ይከፈታል፤ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

ሁለተኛው በሙሌት የተሠራው የቀበሌ ጠጠር መንገድ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ የሚመረጠው ይህ መስመር ሲሆን፣ ጥንካሬው የሚለካው በደካማው መሻገሪያ ነው። አንድ የተደፈነ ቱቦ ሙሉውን መስመር ይዘጋል።

ሦስተኛው በማሳዎች መካከል የሚያልፈው የአፈር መንገድ ነው። አጨዳው ተጠናቆ አፈሩ እስኪጠነክር፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በካርታ ላይ መግባት የለበትም።

አራተኛው የሐይቁ ዳርና የሸሸርና የወላላ ረግረግ መሬት መስመር ነው። እነዚህ ቦታዎች በበጋ የስደተኛ ወፎች፣ በተለይም የቁራምሶች ማረፊያ፣ ለነዋሪው ደግሞ የፎገራ ከብት ግጦሽ ናቸው። መሬቱ ዘግይቶ ይደርቃል፤ በሚደርቅበት በጥር አካባቢ ደግሞ ወፎቹ ገና አሉ። ስለዚህ ጋላቢው ከውኃው ርቆ፣ ቀድሞ በተረገጠ መንገድ ብቻ እንዲሄድ ይመከራል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የወባ መስፋፊያ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች የሚመርጥ ሁሉ ጥንቃቄ ያሻዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭትም ማንኛውም ምደባ ከጸጥታ ሁኔታ በታች መሆኑን ያስገነዝባል።

6. መስመሩ የማን ነው?

የሳተላይት ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ደመና በሌለበት በበጋ የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ በምስሉ ላይ መንገድ መስሎ የሚታየው ቀጭን መስመር በሐምሌ የአንድ ገበሬ የሩዝ ማሳ ሊሆን ይችላል። ወቅቱ ያልተጻፈበት መስመር ሲሠራጭ እንግዳውን ጭቃ ውስጥ ይጥላል፤ ገበሬውንም ቡቃያውን ያስረግጠዋል። በሌላ በኩል ሙሌቱ ራሱ ንጹሕ በረከት አይደለም። ማሳለፊያው ካነሰ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ጎርፍ አግዶ ከመንገዱ በላይ ያለውን ማሳ ያስጥለቀልቃል። ለጋላቢ ምቹ የሆነው ከፍታ ለባለማሳው ግድብ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

7. ማጠቃለያ

በፎገራ ሜዳ የብስክሌት መስመር ካርታ ከመሆኑ በፊት የቀን መቁጠሪያ መሆን ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ መስመር የሚከፈትበት ወር፣ ደካማ መሻገሪያዎቹና የሚያልፍበት መሬት አጠቃቀም አብረው ሊመዘገቡ ይገባል። ይህን መረጃ ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው መንገዱን በየዕለቱ የሚረግጠው ነዋሪ ነው፤ ስለዚህ ምዝገባው ከእርሱ ጋር መጀመር አለበት። በዚህ መልክ የተዘጋጀ መዝገብ ለጎብኚ ብቻ ሳይሆን የቱ ቱቦ ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ለሚወስነው የወረዳ መንገድ ባለሙያም ያገለግላል። ቀጣይ የመስክ ጥናትም ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከክረምት እስከ ክረምት፣ ተመሳሳይ መሻገሪያዎችን ደጋግሞ በመጎብኘት ምደባውን ሊፈትን ይገባል።