በዓይኗ የምትሰማው ተጫዋች

በዛሬው የስፖርት አምዳችን ታሚካ ካቺንግስ ስለምትባል አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንማራለን። ዋንጫና ሜዳሊያ ያገኙ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። እሷን የመረጥናት ግን ልጅ ሳለች የክፍል ጓደኞቿ ይስቁባት ስለነበረ ነው። ለምን እንደሳቁባት አብረን እንይ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቷ

ታሚካ በ1979 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደች። አባቷ ሃርቪ ካቺንግስም በወንዶቹ ትልቅ ሊግ በኤን ቢ ኤ የተጫወተ ነው። ታሚካ ስትወለድ ጀምሮ ሁለቱም ጆሮዎቿ በደንብ አይሰሙም ነበር። ስለዚህ ከትንሽነቷ ጀምሮ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር።

ልጆች በመሣሪያውም በአነጋገሯም ይስቁባት ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁላችንም መናገር የለመድነው በጆሯችን እየሰማን ነው። አንዳንድ ድምፆችን የማይሰማ ልጅ እነዚያን ድምፆች አስተካክሎ ማውጣት ይቸግረዋል። ይሄ ከጆሮ የመጣ ነው እንጂ የስንፍና ወይም የእውቀት ማነስ ምልክት አይደለም።

ታሚካ ሳቁ ሲበዛባት ምን አደረገች? አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ መሣሪያውን አውልቃ ሣር ውስጥ ወረወረችው! ወላጆቿም ሌላ አልገዙላትም። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ያለ መሣሪያ ተማረች።

ያለ መሣሪያ እንዴት ተማረች?

በሦስት ዘዴ ነው። አንደኛ፣ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ሁለተኛ፣ የሚናገረውን ሰው ከንፈር እያየች ቃሉን ትረዳለች። ሦስተኛ፣ መምህሩ ሊያስተምር ያለውን ትምህርት ቀድማ ታነባለች። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ኳስ ይዛ መለማመድ ነው። በሜዳ ላይ የሚታየው ችሎታ ስለሆነ እዚያ የሚስቅባት አልነበረም።

የኮሌጅ ዘመኗ

በአሜሪካ ትልልቅ ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ በኮሌጅ ቡድን ተጫውተው ነው ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የሚገቡት። ታሚካም ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አሠልጣኟ ፓት ሳሚት ነበረች። ፓት ሳሚት በ38 ዓመት የአሠልጣኝነት ዘመኗ 8 ጊዜ የኮሌጆችን ዋንጫ የወሰደች ዝነኛ አሠልጣኝ ነበረች።

በታሚካ የመጀመሪያ ዓመት፣ በ1998 ቴነሲ 39 ጨዋታ አድርጎ 39ኙንም አሸነፈ። አንድም አልተሸነፈም፤ ዋንጫውንም ወሰደ።

ለታሚካ ሕይወት ግን ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር የተደረገው ከሜዳ ውጭ ነው። ፓት ሳሚት ስለ መስሚያው መሣሪያ አነጋገረቻትና እንደገና እንድታደርገው አሳመነቻት። ታሚካ መሣሪያውን አደረገች፣ አነጋገሯን ለማስተካከልም ከባለሙያ ጋር ተማረች። በልጅነቷ የወረወረችውን ነገር አድጋ በፈቃዷ መልሳ ያዘችው ማለት ነው።

ፕሮፌሽናል ስትሆን

በ2001፣ በኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ፣ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ይህ በቅርጫት ኳስ ከባድ ጉዳት ነው፤ ለመዳን ብዙ ወራት ይፈጃል። እንደዚያም ሆኖ ኢንዲያና ፊቨር የተባለው ቡድን በዚያው ዓመት በ3ኛ ተራ መረጣት። የመጀመሪያውን የውድድር ዓመት ግን ሳትጫወት ቁጭ ብላ አሳለፈች። በ2002 ሜዳ ስትገባ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለች!

ከዚያ በኋላ ያገኘችውን በአጭሩ እነሆ፦

- በ2011 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነች።
- በ2012 ኢንዲያና ዋንጫ ሲወስድ የፍጻሜው ኮከብ ነበረች።
- 5 ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብላለች።
- በ2004፣ በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ኦሊምፒክ 4 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች።
- በ2016 ጫማዋን ስትሰቅል 1,074 ኳስ ከተጋጣሚ ነጥቃ ነበር። ይህ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው።

በሊጉ ቡድን ሳትቀይር እስከ መጨረሻው ለኢንዲያና ተጫወተች። ልጆችን የሚረዳ ድርጅትም አቋቁማለች።

ኳስ መንጠቅ ላይ ለምን እንዲህ ጎበዝ ሆነች? ኳስ የሚነጥቅ ሰው ኳሱ ከመወርወሩ በፊት የተጋጣሚውን ዓይን፣ ትከሻና እጅ አይቶ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አለበት። ታሚካ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውን በትኩረት ማየት ለምዳለች። እኛ እንደሚመስለን የክፍሉ ልምምድ ለሜዳውም ጠቅሟታል።

እኛስ ምን እንማራለን?

ታሚካ ጎበዝ ናት ብለን ብቻ ካለፍን ትምህርቱ ግማሽ ነው። መሣሪያውን ያስወረወራት ጆሮዋ አይደለም፤ የጓደኞቿ ሳቅ ነው። መሣሪያው እየረዳት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ለሳቂዎቹም ጭምር ነው።

በየክፍላችን በደንብ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅ ሊኖር ይችላል። ምናልባትም ሰው እንዳይስቅበት ደብቆት ይሆናል። ደጋግሞ «ምን አልክ?» የሚለውን ልጅ «ደንቆሮ» አንበለው፤ ይህ ስድብ ነው። ፊት ለፊት ሆነን ቀስ ብለን እንንገረው፣ የፊት ወንበራችንን እንልቀቅለት። ውድ መምህሮቻችን፣ ወደ ሰሌዳው ዞራችሁ ስትናገሩ ከንፈራችሁን የሚያነብ ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋልና እባካችሁ ወደ እኛ ዞራችሁ አስረዱን። የመስማት ችግር ያለባችሁ ተማሪዎችም አትደብቁ፤ ለምታምኑት መምህር ወይም ለወላጅ ንገሩ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ታሚካ ያለ መሣሪያ የተማረችባቸውን ሦስት ዘዴዎች ጻፉ።
2. ቴነሲ በ1998 ስንት ጨዋታ አሸነፈ?
3. በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ዓመቷ ለምን አልተጫወተችም?
4. ለውይይት፦ እናንተ የታሚካ የክፍል ጓደኛ ብትሆኑና ሌሎች ሲስቁባት ብታዩ ምን ታደርጉ ነበር?

መልሳችሁን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። ለ4ኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ የጻፈ ተማሪ ጽሑፉ በሰልፍ ላይ ይነበብለታል። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!