ለደጋ አገር የሚታዘዝ የሐኪም ቤት መሣሪያ

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲቋቋም የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተባብረው ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ወደ ሰሜኑ ደጋ የሚገባው የሕክምና መሣሪያ እየበዛ ሄዷል። ነገር ግን መሣሪያው ደረሰ ማለትና ሥራውን ጀመረ ማለት አንድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት፣ አቅም ባነሳቸው አገሮች ከሚገኘው የሕክምና መሣሪያ 40 ከመቶ ያህሉ ሥራ የፈታ መሆኑን ገልጿል።

የመለዋወጫ ዕጦት፣ የባለሙያ ማነስና የመብራት መቋረጥ ሁሉም የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። አስመጪው ገና ዕቃውን ሳያዝ ሊያስብበት የሚችለው ግን የአገሩ ከፍታ ነው።

ለምሳሌ ያህል አውቶክሌቭ የተባለውን፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚነጹበትን የእንፋሎት ድስት እንመልከት። በባሕር ጠረፍ የግፊት መለኪያው በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ሲያሳይ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ለማንጻትም የሚፈለገው ይኸው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ያው 15 ፓውንድ የሚሰጠው 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሆናል። 121 ዲግሪ እንዲገኝ መለኪያው በጎንደር ከ18 ፓውንድ በላይ፣ በደባርቅ ደግሞ ከ19 በላይ ማሳየት አለበት። የደጋ ባለሙያ ሴት ሽንብራዋ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ታውቃለች፤ ነገሩም ያው ነው። ይሁን እንጂ ያልበሰለ ሽንብራ በጥርስ ይለያል፤ ያልነጻ መቀስ ግን የሚታወቀው የወላዲቱ ቁስል ካመረቀዘ በኋላ ነው።

እንግዲህ የደኅንነት ቫልቩ በ18 ፓውንድ የሚከፈት ድስት፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ፣ ለጎንደር አይረባም። አስመጪው በባንክ ክሬዲት ከማስከፈቱ በፊት ድስቱ የሚችለውን ከፍተኛ ግፊትና ቴርሞሜትር ያለው መሆኑን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። ብዙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ብቻ የተመደቡ ናቸው፤ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራውም መኪና በከፍታ ኃይሉ ይቀንሳል። ለ110 ቮልት የተሠራ መሣሪያ በ220 ቮልት መስመር ላይ ቢሰካ እንደሚቃጠል መናገር አያሻም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባም ከትእዛዙ በፊት የሚታይ ነው።

ባለሱቁም ከዚህ ንግድ ድርሻ አለው። የአውቶክሌቭ ክዳን ጎማ በእንፋሎት ብዛት የሚያረጅ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በጎንደር ሱቅ የተገኘ እንደ ሆነ ድስቱ በዚያው ቀን ሥራውን ይቀጥላል፤ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ዕቃው እስኪደርስ ቀዶ ሕክምናው ይቆማል።