ስለ ፏፏቴና ከሥሩ ስላለው ጥልቅ ውኃ

ወንዝ በመንገዱ ገደል ባገኘ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወረወራል፤ ይህም ፏፏቴ ይባላል። በኢትዮጵያ ካሉት ስሙ እጅግ የታወቀው ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ ነው። ከፍታው ወደ 40 ሜትር ይደርሳል። ውኃው ወድቆ ሲሰበር የሚነሣው ጉም ከሩቅ ጢስ ስለሚመስል ስሙን ከዚህ አገኘ። ከመንደሩ ተነሥቶ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ ጥቂት ዳገት የወጣ ሰው ፊት ለፊት ያየዋል። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ ውኃው ለኤሌክትሪክ ኀይል እየተጠለፈ ስለ ሆነ፥ በበጋ የሄደ ሰው ጥቂት ውኃ ብቻ ቢያይ አይደነቅ።

ለመንደር ትምህርት ቤት ግን ከጢስ ዓባይ ይልቅ የሚያስፈልገው፥ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ገብተው የሚዋኙበትን በየተራራው ሥር ያለውን ትንሹን ፏፏቴ ማወቅ ነው።

የሚወድቀው ውኃ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይመታል፤ ወንዙ ያመጣው ጠጠርም በአዙሪቱ እየዞረ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ስለዚህ በዳር ከጉልበት የማያልፈው ውኃ፥ ጥቂት እርምጃ ቢጨምሩበት ሰውን ይውጣል። ነጩ አረፋ ደግሞ የባሰ ያታልላል። አረፋ ከአየር ጋር የተደባለቀ ውኃ ነውና እንደ ጥሩ ውኃ ሰውን አያንሳፍፍም፤ ብርቱ ዋናተኛ እንኳ በውስጡ ይሰጥማል። ጠልቆ ከወጣውም ውኃ ከፊሉ ወደ ፏፏቴው ስለሚመለስ፥ ከገደሉ አጠገብ የሚዋኘውን ልጅ ወደ መውደቂያው ይስበዋል። መምህሩ ይህን በቃል ከሚናገር ይልቅ ከዳር ቆሞ ደረቅ እንጨት ጥሎ ቢያሳይ ይሻላል፤ እንጨቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲዞር ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

ሽማግሌዎች ስለ አንድ ስፍራ «ጋኔን አለበት» ቢሉ መምህሩ ሊሥቅ አይገባውም። ምክንያቱ አዙሪት ቢሆንም፥ የከለከሉት ስፍራ ብዙ ጊዜ በእውነት ሰው የጠፋበት ነው። ይልቅስ ጠይቆ ስፍራውን ይጻፍ። ሽማግሌዎቹም ልጅን «አትሂድ» ከማለት በቀር የቱ ጥልቅ፥ የቱ ጎርፍ የሚመጣበት እንደ ሆነ ቢያሳዩት መልካም ነው።

ከቋጥኝ ላይ ዘሎ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ የክረምት ጎርፍ ድንጋይ አንከባሎ ያስገባልና አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። ከራስ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በተራራው ጫፍ ዝናም ሊዘንም ይችላል። ስለዚህ ውኃው ሲደፈርስ፥ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ሲወርድ፥ ድምፁም ሲጨምር ልጆች ልብሳቸውን ሳያነሡ ወደ ከፍታ ይውጡ።

ልጅ ሲሰጥም ያየ ሰው ተከትሎ አይግባ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሞታሉና። ጠፍር ወይም ገመድ ይወርውርለት፤ ይህ ባይገኝ ረጅም በትር፥ ያም ባይኖር አንዱን የጋቢ ጫፍ በእጁ ይዞ ሌላውን ይጣልለት፤ እርሱም እንዳይሳብ በምድር ላይ ተኝቶ ይጎትት።