ስለ ፍሬር ታውንና ስለ ደወሉ

በምሥራቅ አፍሪካ፥ በኬንያ አገር፥ ሞምባሳ የምትባል ከተማ በባሕር ዳር በደሴት ላይ ተሠርታለች። ከደሴቲቱ በስተሰሜን፥ ከጠባቡ ባሕር ማዶ፥ ፍሬር ታውን የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጓሜውም «የፍሬር ከተማ» ማለት ነው። በዚያው ያለው አንዱ ስፍራ ደግሞ በስዋሂሊ ቋንቋ ኬንጌሌኒ ይባላል፤ ይኸውም «ከደወሉ ዘንድ» ማለት ነው።

በቀድሞ ዘመን ነጋዴዎች ሰውን እንደ ከብት በመርከብ እየጫኑ ወደ ዛንዚባርና ወደ ዐረብ አገር ወስደው ይሸጡ ነበር። በ1872 ዓመት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ሰር ባርትል ፍሬር የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ ይህን ንግድ ለማስቀረት ወደ ዛንዚባር ተላከ። በ1873ም ሱልጣን ባርጋሽ በባሕር የሚደረገው የባሪያ ንግድ እንዲቀር፥ የባሪያውም ገበያ እንዲዘጋ ውል ፈረመ።

ነገር ግን ከነጋዴዎች መርከብ የዳኑት ሰዎች ነፃ ቢወጡም የሚገቡበት ቤት አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1875 አንድ የእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር ከሞምባሳ ማዶ መሬት ገዝቶ ሰፈር አቆመላቸው፤ ለፍሬርም መታሰቢያ እንዲሆን በስሙ ጠራው። ከነዚህ አስቀድመው ነፃ ወጥተው በህንድ አገር በናሲክ የተማሩ አፍሪካውያንም መጥተው ለአዲሶቹ ረዳትና አስተማሪ ሆኑ።

ዳሩ ግን ውል ተፈረመ ማለት ክፋት ጠፋ ማለት አይደለም። በዚያ ባሕር ዳር ባርነት በሕግ የቀረው በ1907 ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ደወል ተሰቀለ፤ እርሱም ባሪያ ፈንጋዮች ሲመጡ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ የሚደወል ነበር። ኬንጌሌኒ የሚለው ስም ከዚህ ወጣ፤ የደወሉም ማማ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ፍሬር ግን ከዚህ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ለዙሉ ንጉሥ ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ ላከ፤ ስለዚህም በ1879 ጦርነት ሆነ፤ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። እርሱም በ1880 ከሹመቱ ተጠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ስለዚህ የአንድ ሰው ስም በአንዱ አገር ለምስጋና፥ በሌላው አገር ለሐዘን የሚነሣ ሆነ።

እንግዲህ ከሁለቱ ስሞች አንዱ ለታላቅ ሰው ክብር ተሰጠ፤ ሁለተኛው ግን ከሕዝቡ ችግር ተወለደ። ሰው ትናንት በሠራው በጎ ሥራ ቢመሰገን፥ ነገ የሚሠራውን ክፉ ሥራ ምስጋናው አይሸፍንለትም። ደወሉ ግን የተኛውን ከማንቃት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስሙ ያለ ነቀፋ ቀረ።